ጋሽ ጎሚቶ ያጠፈው ቧንቧ

ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የሰፈሩ ሰው ሥራውን ጥሎ ልብስ ማጠቢያ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተኮልኩሏል። ፀጉር አስተካካዩ የአንዱን ደንበኛ ጭንቅላት ግማሹን ላጭቶ ግማሹን ትቶ መጥቷል፤ ደንበኛውም ፎጣውን አንገቱ ላይ እንደጠመጠመ አጠገቡ ቆሟል። ዳቦ ጋጋሪዋ ዱቄት የነካ እጇን እንኳን አልታጠበችም። እንዲህ ያለ ጉድ በየቀኑ አይገኝማ። የውሃ መሥሪያ ቤቱ መሐንዲስ ሁለት ጠርሙስ የቀለም ዱቄት ይዛ መጥታለች፤ ጥፋተኛውን ውሃው ራሱ ይነግረናል ብላለች።

ነገሩ የሚጀምረው ከምንጯ ነው። ከሰፈሩ ቁልቁል፣ ድልድዩ ሥር፣ ከአለት መሃል የምትወጣ ምንጭ አለች። ድሮ ሰፈሩ በሙሉ ከእሷ ነበር የሚጠጣው። ከዚያ ከላይ ትልቅ የጨርቅ ፋብሪካ መጣና አራት ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ ሌት ተቀን በፓምፕ ይመጥ ጀመር። ምንጯም ቀጠነች፣ ክር አከለች፣ በመጨረሻ ደረቀች። የየጓሮው የውሃ ጉድጓድም ተራ በተራ አብሯት ደረቀ። ሰው ረሳት፤ ልጆች የተቀደደ ኳሳቸውን ይጥሉባት ነበር። አምና ታዲያ ፋብሪካው ተዘጋና ፓምፖቹ ዝም አሉ። ዓመት ሳይሞላ አንድ ማለዳ ድልድዩ ሥር ውሃ ተንዠቀዠቀ። ያን ዕለት ሰፈሩ ያበደ መስሎ ነበር። ሽማግሌው ከጎረምሳው እኩል ሱሪውን ሰብስቦ ገባ፤ ለዓመታት የተኳረፉ ጎረቤቶች ውሃ ተረጫጩ።

ደስታ ግን ሲበዛ ዓይን ይበላዋል። ሁለት ወር እንኳን ሳንጠግባት ምንጯ አረፋ ታመጣ ጀመር፤ ነጭ፣ ወፍራም፣ ሽታው የሳሙና የሆነ አረፋ። መሥሪያ ቤቱ አጠገቧ እንጨት ተክሎ "አትጠጡ" የሚል ማስታወቂያ ለጠፈበት። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ የሚያበላሻት ካልታወቀ በኮንክሪት እደፍናታለሁ አለ። ከሞት የተነሳችን ምንጭ መልሶ መቅበር ማለት ነው እንግዲህ።

ከምንጯ ሽቅብ ሳሙና በብዛት የሚደፉ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። አንዷ ሰፈሩ ሁሉ "እትዬ" የሚላት የልብስ ማጠቢያው ባለቤት ናት። ስድስት ሴቶች ቀጥራ የሆቴልና የሐኪም ቤት አንሶላ ታጥባለች፤ አንሶላዋ ከመንጣቱ የተነሳ ፀሐይ ላይ ያየው ሰው ዓይኑን ያጠብባል። ሌላው ከእሷ ግቢ ማዶ የጭነት መኪና የሚያጥበው ጎርፉ ነው። ጎርፉ ያሉት አንዲት ታክሲ ለማጠብ የአንድ ክረምት ዝናብ ስለሚያፈስ ነው። ሁለቱ "ያንቺ ነው፣ ያንተ ነው" እየተባባሉ ስድስት ሳምንት ሙሉ ሰፈሩን በጩኸት አደነቆሩት።

"አረንጓዴውን የእትዬ ፍሳሽ ውስጥ፣ ቀዩን የጎርፉ የፍሳሽ ጉድጓድ ውስጥ እጨምራለሁ" አለች መሐንዲሷ፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት፣ ቦት ጫማዋ ጉልበቷን የዋጣት ልጅ። "ሰው አይጎዳም። ከሁለት እስከ አምስት ቀን እንጠብቅ። ምንጯ ላይ የወጣው ቀለም የማን መሆኑን ያኔ እናያለን።"

"ሁለቱም ባይወጡስ?" አለ ፀጉር አስተካካዩ።

"ያኔ ሁለቱም ነፃ ናቸው፤ ሌላ እንፈልጋለን።"

"ሁለቱም ቢወጡስ?"

"ጋሼ፣ እርስዎ መጀመሪያ የሰውዬውን ፀጉር ይጨርሱለት" አለችው፤ ሰዉ ሳቀ።

እትዬ ግን አልሳቀችም። የማጠቢያ ቤቱን ቁልፍ ከወገቧ ፈታች። ሕዝቡን አስከትላ ቁልቁል ወረደችና ማስታወቂያው ከተለጠፈበት እንጨት ላይ፣ ሁሉም በሚያየው ምስማር፣ ቁልፉን ሰቀለችው።

"ስሙኝ" አለች። "የኔ ፍሳሽ በቧንቧ ቀጥ ብሎ ነው የከተማው ዋና ቱቦ ውስጥ የሚገባው። ቧንቧውን የዘረጋው ባሌ ነው፤ የባሌ እጅ አይዋሽም። አረንጓዴ ከወጣ ቤቴን በገዛ እጄ እቆልፋለሁ፤ ቁልፉም ምንጯ እስክትጠራ ከዚህ አይወርድም። ካልወጣ ደግሞ፣ አንተ ጎርፉ፣ እዚሁ ቆመህ በሰው ፊት ይቅርታ ትጠይቀኛለህ።"

"እሺ፣ ምን ገዶኝ" አለ ጎርፉ ደረቱን ነፍቶ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ? ሰዉ አጨበጨበ። ከሕዝቡ ጀርባ ግን አንድ ሰው ላብ አጥምቆታል። እሱም ያ እጁ የማይዋሸው ባል ነው።

ጋሽ ጎሚቶ ይሉታል። ጎሚቶ ቧንቧ የሚታጠፍበት ክርን መሆኑን ለቧንቧ ሠራተኛ መንገር አያስፈልግም፤ ለሌላው ግን ይነገር። ጋሽ ጎሚቶ በወጣትነቱ ከቤት ሲወጣ ኪሱ ውስጥ ሁለት ሦስት ጎሚቶ ሳይይዝ አይወጣም ነበር፤ ስሙ በዚያው ቀረ። በከተማው የታወቀ ባለሙያ ነው፤ ግድግዳ ላይ ጆሮውን ለጥፎ የሚያፈሰው ቧንቧ የት ጋ እንደሆነ የሚናገር። ከሥራ ከተገለለ ጥቂት ዓመት ቢሆነውም ሰው አሁንም ያማክረዋል። ይህ ሁሉ ክብር ያለው ሰው ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ውሸት አፍኖ ይዟል።

ማጠቢያ ቤቱ ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው ነው። ከማጠቢያው እስከ ዋናው ቱቦ አርባ ሜትር ቦይ ብቻውን ቆፈረ። ሦስት ሜትር ሲቀረው አለት ገጠመው። በመዶሻ ቢለው፣ በዲጂኖ ቢለው፣ እሳት እየተፋ ወይ ፍንክች። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል እትዬ ለነገው ያሰፋችውን ሰማያዊ ቀሚስ ልታሳየው ለብሳ ብቅ አለች። "አለቀ?" አለችው። ያን ቀሚስ፣ ያን ፊት እያየ "አላለቀም" የሚል ወንድ ካለ እሱ ከድንጋይ የተሠራ ነው። "አለቀ" አላት።

እሷ ስትሄድ ዓይኑ ጓሮው ውስጥ ባለው የአባቱ የውሃ ጉድጓድ ላይ አረፈ፤ ፋብሪካው ካደረቀው የቆየ፣ ድንጋይ ቢጥሉበት "ኳ" ብሎ የሚመልስ። ቧንቧውን በአንዲት ጎሚቶ ወደ ጉድጓዱ አጠፈው፤ ለጊዜው፣ ለአንድ ሳምንት ብቻ። ጉድጓዱን በሲሚንቶ ክዳን ከደነ፣ በላዩ አፈር ደለደለ፣ የቀረውንም ቦይ መልሶ ሞላ። የዋናው ቱቦ መክፈቻ አስፋልት ሥር ስለተቀበረ መጥቶ የሚያይ አልነበረም። ሳምንቱ ወር ሆነ፣ ወሩ ዓመት ሆነ። በዚህ ዓለም "ለጊዜው" የተባለን ነገር ያህል ዕድሜ ያለው የለም።

ምንጯ አረፋ ስታመጣ አልደነገጠም ማለት አይቻልም። ግን ራሱን ሲያጽናና ከረመ። ጉድጓዱ ደረቅ ነው፤ ከደረቅ ጉድጓድ ምን ይወጣል? ሳሙናውን አፈር በልቶታል፣ አለቀ። እንዲህ እያለ እንቅልፉን ሲያስታምም ነው መሐንዲሷ አረንጓዴውን ዱቄት የገዛ ሚስቱ ፍሳሽ ላይ ስትበትን ያየው። ውሃው እንደ ጎመን ቅጠል ሆኖ ቀዳዳው ውስጥ ተሽከረከረና ጠፋ። ሁሉም እልል አለ። ጋሽ ጎሚቶም አጨበጨበ፤ ካላጨበጨበ ይነቃበታላ።

የዚያን ዕለት ምሳ ላይ ሊነግራት ሞከረ።

"አንቺ ሴት" አላት።

"ምን?"

"ያ ቧንቧ…"

"ተወኝማ እባክህ፤ እሱን ባትዘረጋው ኖሮ ዛሬ በምን አፌ እናገር ነበር? የጎርፉን ፊት አየኸው? አንጀቴ ቅቤ ነው የጠጣው" አለችና ከራሷ ሳህን የተሻለውን ቁራጭ አንስታ ወደ እሱ አሳለፈችለት። ቁራጩ ጉሮሮው ላይ ቆመ። ውሃ ጠጥቶ ወደ ታች ሸኘው፤ ንግግሩም አብሮ ወረደ።

ዓርብ ምንጯ ዙሪያ ሰርግ ቤት መሰለ። ቤት ያለው ወንበር አምጥቷል፤ የሌለው ብሎኬት። "አረንጓዴ" እና "ቀይ" የሚሉ ሁለት ቡድኖች ተፈጥረዋል። ፀጉር አስተካካዩ ቀይ ካልወጣ ጢሜን በአደባባይ እላጫለሁ ብሎ ተወራርዷል። መሐንዲሷ በየግማሽ ሰዓቱ በትንሽ ጠርሙስ ውሃ እየቀዳች ወደ ፀሐይ ታነሳለች፤ እሷ ባነሳች ቁጥር መቶ ራስ አብሮ ቀና ይላል። የማጠቢያው ስድስት ሴቶችም ከእትዬ ጋር እዚያው ናቸው። ግቢው ጭር አለ።

ጋሽ ጎሚቶ ብቻ "ወገቤን አሞኛል" ብሎ ቀረ። በሩ ሲዘጋ ወገቡ ዳነ። አካፋና ዲጂኖውን ይዞ ጓሮ ሄደ፣ የልብስ ማስጫውን ገመድ ወደ ጎን አለ፣ አፈሩን ገፈፈ። ክዳኑን በዲጂኖ ፈልቅቆ ሲያንሸራትተው የሃያ ሁለት ዓመት የሳሙና ሽታ አፍንጫውን መታው። ጠጠር አነሳ፣ ጣለ፣ "ኳ" የሚለውን ድምፅ ጠበቀ።

"ቦጭ" አለ ጉድጓዱ።

ጋሽ ጎሚቶ ጆሮውን አላመነም፤ ለባለሙያ ደግሞ ጆሮን አለማመን ከባድ ነገር ነው። ሌላ ጠጠር ጣለ። ቦጭ። በደረቱ ተኝቶ ባትሪውን ወደ ታች አበራ። ድሮ መጨረሻው የማይታየው ጨለማ ውስጥ፣ ቅርብ፣ ስምንት ሜትር ያህል ላይ፣ ውሃ አለ። ውሃው ደግሞ አረንጓዴ ነው፤ እንደ ድመት ዓይን ከታች አፍጥጦ ያየዋል።

መጀመሪያ የመጣበት ሳቅ ነው። ሰው ምን ይለኛል ሳይል፣ በደረቱ እንደተኛ፣ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። የአባቱ ጉድጓድ ውሃ ይዟል። በልጅነቱ ገመዱን የጎተተበት፣ ፋብሪካው ከታች መጥጦ የጨረሰበት፣ ሞተ ብሎ የቀበረው ውሃ ተመልሷል። ሃምሳ ዓመት ከቧንቧ ጋር የኖረ ሰው ውሃ ከመሬት ሲነሳ እያየ እንዴት አይፈነድቅም?

ሳቁ ግን መሃል ላይ ተቆረጠ። ከጎን በኩል የራሱ ቧንቧ ጠብ፣ ጠብ እያለ አረንጓዴ ያንጠባጥባል። ውሃው ላይ አረፋ ተኝቷል። ነገሩ እንደ ጥሩ ሥራ ንድፍ ዓይኑ ፊት ተዘረጋለት። ፋብሪካው ውሃውን ወደ ታች ጎትቶ ይዞ ሳለ ሳሙናው ደረቅ አፈር ውስጥ ተከማችቶ ኖረ። ፓምፑ ሲቆም ውሃው ወደ ጥንት ቦታው ተነሳ፤ ሲነሳ የጋሽ ጎሚቶን ሃያ ሁለት ዓመት ታቅፎ ተነሳ፤ ታቅፎትም ወደ ምንጯ ወረደ። ምንጯን ያስነሳትም ያቆሸሻትም አንድ ውሃ ነው።

ቀና ሲል ዓይኑ የግድግዳው ጥግ ላይ አረፈ። አሮጌ ፓምፑ እዚያ ቆሟል። እዚህ ላይ እውነቱ ይነገር፤ ጋሽ ጎሚቶ መልአክ አይደለም። አረንጓዴውን መጥጦ ወደ መንገድ ቦይ ቢደፋው፣ ክዳኑን መልሶ አፈሩን ቢደለድል፣ ሰዉ ሁሉ ምንጯ ጋ ነው፣ ማን ያያል? የፓምፑን እጀታ እስከ መያዝ ደርሷል። በዚያች ደቂቃ ከድልድዩ በኩል የእትዬ ሳቅ ተሰማ። የእሷ ሳቅ ግድግዳ አያቆመውም። በእሱ ቃል ተማምና ነው እንዲያ የምትስቀው። እጁ ከእጀታው ላይ ወረደ።

ከዚያ ሮጠ። ስልሳ አምስት ዓመቱ ነው፣ አንድ እግሩ ነጠላ ጫማ አድርጓል፣ አንዱ ባዶ ነው፣ ደረቱ አፈር በአፈር ሆኗል። ሰዉ ሲያየው ቀለሙ እሱ ጋ የወጣ መስሎት መንገድ ለቀቀለት።

"ነይማ አንዴ ወደዚህ" አላት ሚስቱን እያለከለከ።

"ምነው ወገብህ ዳነ?"

"ዳነ። ነይ ብቻ፣ ለብቻሽ…"

"እዚሁ ተናገር፤ እኛ ከሰው የምንደብቀው ምን አለን?"

መቶ ሰው ጆሮውን አቀና። ጋሽ ጎሚቶ ምስማሩ ላይ የተንጠለጠለውን ቁልፍ አየ፣ እሷን አየ።

"ቧንቧው ዋናው ቱቦ አይገባም" አለ። "ገብቶም አያውቅ። የአባቴ ጉድጓድ ውስጥ ነው የሚገባው። አለት ገጠመኝና አጠፍኩት። አለቀ ያልኩሽ ቀን አላለቀም ነበር። አሁን ከፍቼ አየሁት፤ ጉድጓዱ ውሃ ሞልቷል፣ ውሃውም አረንጓዴ ነው።"

ጎርፉ ሊጨፍር እጁን አነሳና የእትዬን ፊት ሲያይ መልሶ አወረደው። መጀመሪያ የተናገረችው መሐንዲሷ ናት፤ ያውም በቦት ጫማዋ እየዘለለች።

"ጉድጓድ? ክፍት ጉድጓድ አለ? ውሃው ስንት ሜትር ላይ ነው ጋሼ?"

"ስምንት… ስምንት ይሆናል።"

"ሁለት ወር ስፈልገው የነበረው እሱን ነው!" ከዚያ ሁሉም እንደሚያያት ስታውቅ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ይቅርታ እትዬ። ግን እኮ በሽታው ከታወቀ ግማሹ ድኗል። ጉድጓዱን ቀድተን እናጥበዋለን፤ ቧንቧውም ዋናው ቱቦ ድረስ ይሄዳል። የሚያስፈራው የማይታወቀው ነው።"

እትዬ ባሏን ከባዶ እግሩ እስከ ራሱ አየችው። "ሃያ ሁለት ዓመት" አለች ቀስ ብላ። ዞራ ዳገቱን ወጣች። ሴቶቹም ተከተሏት። ማሽኖቹን አጠፋች፣ ያደሩትን አንሶላዎች አጣጥፋ ለየባለቤቱ ላከች፣ በሩን ገጠመችና ጓጉንቸሩን በእጇ ጫን ስታደርገው "ቀጭ" አለ። ቁልፉ ቃል እንደገባችው ምንጯ ጋ ተሰቅሎ ቀረ። ጋሽ ጎሚቶ ከዳር ቆሞ ያቺን "ቀጭ" ሲሰማ ቢያለቅስ ደስ ባለው፤ አፈረ።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ አረንጓዴው ወጣ። የሚያውቁት ነገር ነው፤ ግን ማወቅና ማየት ይለያያሉ። ከአለቱ ሥር በመጀመሪያ እንደ ሣር ጭማቂ ቀለል ብሎ፣ ከዚያ እየደመቀ፣ ከዚያ ወንዙ እስኪደርስ ድረስ አበራ። ያ ሁሉ ሰው አፉን በእጁ ያዘ። ከእግሩ ሥር፣ ከግቢ እስከ ድልድይ፣ ማንም ያላየው መንገድ አለ ለካ። ዳቦ ጋጋሪዋ "እኔ ያገለገለ ዘይት ጓሮዬ እደፋለሁ" አለች ለማንም ሳትል፤ ሌላው ደግሞ ስለ ሽንት ቤቱ ጉድጓድ በልቡ ያሰላ ጀመር። ጎርፉ ብቻ ጥርሱ አልከደን ብሎት ዋለ። "እኔኮ ብያለሁ፤ እኔኮ ብያለሁ" እያለ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲዞር አመሸ።

እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ አለ ይባላል። እሁድ ጠዋት ጎርፉ ድጋሚ ሊሳሳቅ ምንጯ ጋ ሲደርስ አረንጓዴው መሃል ቀይ ክር ገብቷል። ረፋዱ ላይ ክሩ ሪባን አከለ። ፀጉር አስተካካዩ ጢሙን ዳሰሰና በረጅሙ ተነፈሰ። ሰኞ ጠዋት ጋሽ ጎሚቶ አካፋውን ይዞ ቦዩን ሊቀድ ሲወጣ ጎርፉ የራሱን ዲጂኖ ትከሻው ላይ አድርጎ ከበሩ ቆሞ አገኘው።

"መጀመሪያ ያንተን፣ ከዚያ የኔን" አለ ወደ መሬት እያየ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሦስት ቀን ሰፈሩ ሲያወራው የሚኖር ነው። ስድስቱ ሴቶች አፈር ዛቁ፣ ፀጉር አስተካካዩ እጁ ተላጠ፣ ዳቦ ጋጋሪዋ ትኩስ ዳቦ በቅርጫት አመላለሰች። መሐንዲሷ ጉድጓዱን በፓምፕ እያስቀዳች በየሰዓቱ የመለኪያ ገመድ ትሰዳለች፤ ውሃው ተቀድቶ መልሶ ሲሞላ በደስታ ቁጥሩን ጮክ ብላ ታነባለች፣ ጋሽ ጎሚቶም አንድ እጁ አካፋው ላይ ሆኖ ይሰማታል። እትዬም ትሠራለች። ባሏን ግን አታናግረውም፤ የምትለው ካለ በሴቶቹ በኩል ነው። "ለጋሼ ንገሪልኝ፤ ውሃ ይጠጣ፤ ፀሐይ ነው።" እሱ ሁለት እርምጃ ላይ ቆሞ "እሺ በያት" ይላል።

ሰዉ ሁሉ የሚጠብቀው አለቱን ነው። ጋሽ ጎሚቶ "የተራራ ሥር ነው፤ ጫፉ ነው እንጂ የወጣው፣ ሆዱ ከታች ነው" ብሎ አስፈራርቷቸዋል። ጎርፉ ድንጋይ ሰባሪ ማሽን ከዘመዱ ሊዋስ ተነጋግሯል። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ዲጂኖው "ቅጭል" አለና እሳት ተፋ። "እሱ ነው" አለ ጋሽ ጎሚቶ። ዙሪያውን ቆፈሩ። ትንሽ ዝቅ አሉ። ትንሽ ጎን ሄዱ። ጎርፉ ዲጂኖውን ከሥሩ አስገብቶ ሲጫነው አለቱ እንደ ጥርስ ተነቀነቀ፤ ሁለት ሰው ገፋ ሲያደርገው ተንከባለለና ከቦዩ ወጣ።

የልብስ መዘፍዘፊያ ሳፋ ያክላል። በቃ፣ ያ ነው። ሥርም ሆድም የለው።

እትዬ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣችና ድንጋዩ አጠገብ ቆመች። በጫማዋ ጫፍ ነካ አደረገችው።

"ይሄ ነው?" አለች። አምስት ቀን ሙሉ ያላናገረችውን ሰው እያየች ነው።

ጋሽ ጎሚቶ ድንጋዩን አየው፤ ደግሞ አየው።

"ያኔ ትልቅ ነበር" አለ።

መጀመሪያ መሐንዲሷ አመለጣት፣ ከዚያ ጎርፉ፣ ከዚያ ሴቶቹ፤ ፀጉር አስተካካዩ ሳቅ ጥሎት ቦዩ ውስጥ ተቀመጠ። እትዬም ሳቀች፤ እስክታለቅስ ሳቀች። እንባዋን ጠርጋ ስትጨርስ ግን ሳቁ ከፊቷ ላይ አልነበረም።

"ያን ቀን ብትነግረኝ እኮ ቀሚሱን አውልቄ ሁለታችን እናወጣው ነበር" አለችው። "ጠዋት ሳይነጋ እናወጣው ነበር።"

ጋሽ ጎሚቶ "እውነትሽን ነው" ብቻ አለ። እሷም አካፋዋን አነሳችና ከጎኑ ቦዩ ውስጥ ገባች። የቀረውን ሦስት ሜትር ጎን ለጎን ሆነው ጨረሱት፤ ቧንቧው ያለ አንዲት ጎሚቶ ቀጥ ብሎ ዋናው ቱቦ ውስጥ ገባ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ ምንጯም እንደዚያው ሆነች። የጎርፉም ጉድጓድ ወለሉ ተደፍኖ ወደ ቱቦው ተቀጠለ። አረፋው በየሳምንቱ ሳሳ። ሴቶቹ ቦዩ ላይ በለመዱት እጅ የሌላውን ሰው ፍሳሽ እየተከተሉ ሲያስተካክሉ ከረሙ፤ መሐንዲሷ ናት ሥራውን ያገኘችላቸው። ጋሽ ጎሚቶ የአባቱን ጉድጓድ እየለካ ቁጥሩን ለመሥሪያ ቤቱ እንዲያስታውቅ ተጠየቀ፤ ሰኞ ሰኞ ጠመኔ የተቀባ ሜትር ይልክበታል፣ እርጥቡ የደረሰበትን ምልክት ያነባል፣ ጮክ ብሎም ለእትዬ ይነግራታል። አንዲት ጣት እንኳን አይጨምርም፣ አይቀንስም።

በዘጠነኛው ሳምንት ውሃው ለሁለተኛ ጊዜ ተመርምሮ ንጹሕ ነው ተባለ። ማስታወቂያው ተቀደደ። የቀረችው ቁልፏ ብቻ ናት። እትዬ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ ወረደች፤ የድሮው ነው፣ ጎኑን አስፍታዋለች። በጣሳ ቀዳችና አልጠጣችም፤ ለባሏ አቀበለችው።

"አንተ ቅመሰው። ምን ምን ይላል?"

ጋሽ ጎሚቶ ጠጣ። ሰፈሩ በሙሉ አፉን እያየ ነው። "ውሃ ውሃ ይላል" አለ።

"እውነትህን ነው?"

"እውነቴን ነው።"

ያኔ ተቀብላ ጠጣችና ቁልፉን ከምስማሩ አወረደችው። ሽቅብ ወጥታ ጓጉንቸሩን ከፈተች። በሩ ግን ከርሞ ከርሞ ማጠፊያው ላልቷል፤ በከፈቱት ቁጥር ተመልሶ ይዘጋል። ጋሽ ጎሚቶ ኪሱን እየዳበሰ "ቆይ፣ ለጊዜው በሽቦ ላስረው" ሲል አፉን ያዘ።

እትዬ ዞር ብላ አየችው። ከዚያ ከቦዩ ያወጡትን፣ ዳር ላይ የቀረውን ያን ድንጋይ በአገጯ አሳየችውና ጎንበስ አለች። "ያዝ በዚያ በኩል" አለችው። ሁለቱ አንከባልለው በሩን አስደገፉት፤ ሴቶቹም አንሶላውን ተሸክመው ገቡ።